ቤት ውስጥ ለሚሠራ የግል ባለሙያ፦ ትክክለኛ ፈቃድ ያለው የቢሮ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመረጥ

የአንድ የኪራይ ውል ትርጉም በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ ነበረብኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዎርድ ፋይሉን ከፈተልኝ፤ አንዲት ፊደል መጨመር ግን ከለከለኝ። ከላይ ምርቱ ፈቃድ እንደሌለው የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ተዘርግቷል። ላፕቶፑን የሸጠልኝ ሱቅ «ኦፊስ ተጭኗል» ብሎኝ ነበር፤ በምን ፈቃድ እንደተጫነ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሥራውን በጎረቤቴ ኮምፒውተር ሌሊቱን ጨርሼ አስረከብሁ። ከዚያ በኋላ በምን ቅደም ተከተል እንደመረጥሁ እነሆ። ቤቱን ቢሮ ላደረገ ተርጓሚ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም አማካሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ አሁን ያለዎትን ይወቁ

ዎርድን ከፍተው «ፋይል»፣ ቀጥሎም «አካውንት» የሚለውን ይጫኑ። የምርቱ ስም እዚያ ተጽፏል። «ፕሮፌሽናል ፕላስ» የሚል ካገኙና ከመሥሪያ ቤት ያልተሰጠዎት ከሆነ ይጠራጠሩ፤ ይህ ዓይነቱ ለድርጅቶች በጅምላ ፈቃድ የሚሸጥ እንጂ ለግለሰብ በሱቅ የሚቸረቸር አይደለም። በጣም በርካሽ የሚሸጡ ቁልፎችም (ፕሮግራሙን ለማስጀመር የሚገቡ የፊደልና የቁጥር ኮዶች) አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ የድርጅት ፈቃድ የወጡ ናቸው።

ብዙ ሱቆች የሚጠቀሙበት የማስጀመሪያ ፕሮግራም፣ ሰዎች «ክራክ» የሚሉት፣ ራሱን የድርጅት ሰርቨር አስመስሎ ኦፊስን ያታልላል። እንዲህ ያለው ማስጀመሪያ በ180 ቀን ውስጥ ካልታደሰ ይቋረጣል፤ እኔን የገጠመኝ ይኸው ነበር። ከመቋረጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነገር ሙሉ ሥልጣን ይዞ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ይገባል። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የደንበኛ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ አለ። ሰው አምኖ የሰጠንን ሰነድ እንዲህ ላለ ነገር አጋልጦ ማስቀመጥ አይገባም።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል።

ሁለተኛ፦ ፈቃዱ ስለ ቦታ ሳይሆን ስለ ሥራው መሆኑን ይረዱ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሸጊያው ላይ «ሆም» የሚል ቃል ስናይ «እኔም የምሠራው ቤቴ ነው» ብለን እንገዛለን። ፈቃዱ ግን የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጻፉት ነገር ገንዘብ ያስገኛል ወይ ብሎ ነው። ለምሳሌ «ሆም ኤንድ ስቱደንት» የሚባለው የቀድሞ ኦፊስ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም። ማይክሮሶፍት 365 ፐርሰናልና ፋሚሊ፣ በድረ ገጽ በነጻ የሚሰጠው ኦፊስም ጭምር፣ በአገልግሎት ውሉ መሠረት ለግልና ለንግድ ላልሆነ ጥቅም ናቸው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም የፋሚሊውን ክፍያ ከፍሎ ከስድስቱ ተጠቃሚዎች አንዱ ቢያደርግዎት ለደብዳቤና ለልጆች የቤት ሥራ መልካም ስጦታ ነው፤ ደንበኛ ለሚከፍልበት ሥራ ግን አይሆንም።

የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የሚያስገኘው ኦፊስም ለትምህርት ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ የሰጠዎት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አካውንቱ በተዘጋ ቀን ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ ከመግዛትዎ በፊት ነጻውን በራስዎ ሰነድ ይፈትኑ

ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ሲሆን የሚሰጠው በሞዚላ የሕዝብ ፈቃድ ነው። ለንግድ ሥራ መጠቀም ያለ ክፍያ ይፈቀዳል፤ የኮምፒውተር ብዛት ገደብ የለውም፤ ምናሌውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። ኦንሊኦፊስ የሚባለውም የዴስክቶፕ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ መልኩም ከማይክሮሶፍቱ ጋር ይቀራረባል።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። ካለፈው ዓመት ሥራዎ በጣም ያስቸገሩዎትን ሦስት ፋይሎች ይምረጡ፦ ሠንጠረዥ የበዛበት፣ ደንበኛው የእርማት ምልክት ያደረገበት፣ ቀመር የሞላበት የኤክሴል ፋይል። በአዲሱ ፕሮግራም ይክፈቷቸው፣ ጥቂት ያርሙ፣ በዶክኤክስ ወይም በኤክስኤልኤስኤክስ ያስቀምጡና ማይክሮሶፍት ኦፊስ ባለው ሰው ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይመልከቱ። እኔ ስሞክር ጽሑፉ በሙሉ ደኅና ነበር፤ አንድ ሠንጠረዥ ወደ ቀጣዩ ገጽ ተንሸራቶ በእጄ አስተካከልሁት። ኤክሴል ላይ በማክሮ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ በሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የተሠራ ፋይል የሚለዋወጡ ከሆነ ግን ነጻዎቹ ሁሉንም አይችሉምና ወደሚቀጥለው እርምጃ ይለፉ።

አራተኛ፦ መግዛት ካለብዎት

ሁለት መንገድ አለ። አንድ ጊዜ ከፍለው በአንድ ኮምፒውተር የሚጠቀሙበት «ሆም ኤንድ ቢዝነስ 2024» ለንግድ ሥራ የተፈቀደ ነው። በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈለው የማይክሮሶፍት 365 የቢዝነስ ዘርፍ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻም ይሸጣል። የእኔ ምክር የመጀመሪያው ነው፤ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ እንደልብ በማይገኝበት አገር በየወሩ ከሚከፈል አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ይሻላል። ዘመድ ቢከፍልልዎት እንኳ የተመዘገበው ኢሜይል የራስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። «አሮጌ ግን ትክክለኛ» ተብሎ የሚቀርብልዎትን ኦፊስ 2016 ወይም 2019 አይግዙ፤ የሁለቱም የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

አምስተኛ፦ ፎንቱን አይርሱ

ፎንትም ፈቃድ አለው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በክፍት የፎንት ፈቃድ የሚሰጡ በመሆናቸው ለደንበኛ በሚሠራ ጽሑፍም ሆነ በኅትመት በነጻ ይሠራባቸዋል። በግዕዝ ፊደል ለመተየብ የሚያገለግለው ኪይማን የተባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው። በቆዩት፣ ዩኒኮድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፊደል አሰያየም በማይከተሉት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያልና አዲስ ሥራ በእነሱ አይጀምሩ።

በመጨረሻም አንድ አቃፊ ይክፈቱና የግዢውን ደረሰኝ፣ 25 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቁልፍ፣ የተመዘገቡበትን ኢሜይል፣ የፈቃዱንም ጽሑፍ ቅጂ እዚያ ያስቀምጡ። አቃፊውን በፍላሽም ይገልብጡት፤ ላፕቶፑ ቢበላሽ ቁልፉ እዚያው ውስጥ እንዳይቀር። የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ከሆነ ደረሰኙ የሥራ ወጪ ነውና ለሒሳብ ሠራተኛዎ አንድ ቅጂ ይስጡ።