አሜሪካ ገብተው ላረገዙ፦ ስንት ይራመዱ፣ መቼ ያቁሙ?

አገር ቤት ታክሲ ጥበቃው፣ ገበያውና ዳገቱ ሳያስቡት ያራምድዎት ነበር። እዚህ ግን ከቤት መኪና፣ ከመኪና ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሲያረግዙ፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር «ሁለት ነፍስ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ምክር ይመጣል። በፍቅር የተሰጠ ምክር ነው፤ እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ግን አይከተሉት።

የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክሩት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን የ30 ደቂቃ ወክ ማለት ነው። ሠላሳው ባንዴ ካልሞላ አሥር አሥር ደቂቃ አድርገው ይከፋፍሉት። ልኩን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም፦ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። ማውራት ካቃተዎት ፍጥነት ይቀንሱ። ከዚህ በፊት እንቅስቃሴ የማያውቁ ከሆነ በቀን 5 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ።

ወክ ማድረግ የወገብ ሕመምንና የሆድ ድርቀትን ያቀላል፣ ክብደት ከልክ እንዳያልፍ ይረዳል፣ የእርግዝና ስኳርና የደም ግፊት የመምጣት ዕድልን ይቀንሳል። ስኳሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእርግዝና ስኳር መኖሩን ለመመርመር ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 50 ግራም ግሉኮስ ያለበት ጣፋጭ ፈሳሽ ያጠጡዎትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም ይወስዳሉ። የብዙዎቻችን ማዕድ እንጀራ፣ ፓስታና ሩዝ ስለሚበዛበት ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ ይወስዳል። በጾም ቀን ወክዎን በባዶ ሆድ አያድርጉ፣ ከበሉ በኋላ ይሁን። መጾም አለመጾሙን ደግሞ ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

«እኔ እኮ ሥራ ላይ ስምንት ሰዓት እቆማለሁ» የምትል ብዙ ናት። መቆም ግን እንቅስቃሴ አይደለም። ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ያዞራል። መጋዘን ወይም የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ከሆነ፣ ከ2023 ጀምሮ የሚሠራ የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ እንዳለ ይወቁ። 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ከአቅሙ በላይ ካልሆነበት በቀር፣ ወንበር፣ ተጨማሪ እረፍት ወይም ቀለል ያለ ሸክም ሊያመቻችልዎት ይገባል። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በቴክስት ቢሆንም ይሁን፣ ብቻ ማስረጃ ይኑር። ቤተ ክርስቲያን ረጅም ቅዳሴ ላይም ያው ነው፤ ወንበር ይያዙ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ስግደትም ከባድ ከሆነብዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ።

ክረምት ላይ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ሆድ ሲገፋ ሚዛን ወደፊት ይሄዳል፣ መገጣጠሚያም በሆርሞን ይላላል። አስፋልት ላይ የሚጋገረው ስስ በረዶ ደግሞ ውሃ መስሎ ያታልላል። በዚያን ቀን ሞል ውስጥ ይራመዱ፤ ብዙ ሞሎች ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ለተራማጅ በር ይከፍታሉ። አፓርታማዎ ጂም ካለው ትሬድሚሉ ላይ መደገፊያውን እየያዙ በዝግታ ይሂዱ። ዋና ካለ እሰየው፣ ውሃው ክብደትዎን ይሸከምልዎታል። አጠገቡ ያለው የሚፈላ ጃኩዚና ሳውና ግን ይቅርብዎት፤ የሰውነት ሙቀት ከልክ ሲያልፍ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሦስተኛው ወር በኋላ በጀርባ ተንጋለው የሚሠሩትን ስፖርት ይተዉ። ማህፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር ስለሚጫን ያጥወለውላል። ከአልጋ ሲነሱም ቀጥ ብለው አይነሱ፦ መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ወደ ታች ያውርዱ፣ ከዚያ በእጅዎ ገፍተው ይቀመጡ።

አንድ ቁጭ ብለው የሚሠሩት አለ። ሽንትና ጋዝ እንደሚይዝ ሰው የዳሌዎን ወለል ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ሳይዙ እስከ 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሆድና መቀመጫቸውን አብረው በማጥበቅ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው ጡንቻ ሥራ ይፈታል። በሳልና በሳቅ ሽንት እንዳያመልጥ የሚረዳው ይኸው ነው።

የእንግዴ ልጅ የማህፀን በር ላይ አርፏል የተባሉ፣ የማህፀን በራቸው የተሰፋ፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ያለጊዜው ምጥ የጀመራቸው ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀምሩ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ይጠይቁ፤ ቀጠሮ ሲይዙም «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» (የአማርኛ አስተርጓሚ) ይበሉ፣ ነፃ ነው። ባልዎ ወይም ልጅዎ እንዲያስተረጉሙ አያድርጉ፣ የሚያፍሩበት ጥያቄ ይቀራል።

እየተራመዱ ደም ከፈሰሰ፣ ውሃ ካንጠባጠበ፣ በየጊዜው የሚመለስ ቁርጠት ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማ፣ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ እዚያው ያቁሙና ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ተረኛ አለ። የደረት ሕመም ከመጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ 911 ይደውሉ።