የተለየችህን ለመመለስ ከመነሣትህ በፊት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ቆሞ ሲለካ የሆዱን ያወጣል፤ ስለዚህ «እትዬ፣ እንዴት ልመልሳት?» የሚለኝ ወጣት አላጣም። ለሁሉም የምለውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጥ፤ በተለይ ማታ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የገዛ አገራችን ስም ናቸው፤ ትዝታም ከወሎ ሰው አፍ አይጠፋም። እነሱን እየሰማህ የጻፍኸውን መልእክት ጠዋት ስታነበው ታፍራለህ። ቀን ላይ፣ በልተህ ጠግበህ፣ አንድ ብቻ ላክ፦ «ስላለፈው ነገር ላናግርሽ እፈልጋለሁ። ባትፈልጊ ይገባኛል፤ ደግሜ አላስቸግርሽም።» ከዚያ ዝም በል። ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ስልክ የምትይዝበት ሰዓት የተወሰነ ሊሆን ይችላልና መልሱ ቢዘገይ አትቸኩል።

እሺ ካለች ቦታ ምረጥ። ብዙዎቹ ሐይቅ ይዘዋት መሄድ ያምራቸዋል፤ ውኃው አለ፣ ዓሣው አለ። እኔ አልወደውም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ንግግሩ ከከፋ ያን ሁሉ መንገድ አኩርፋ አጠገብህ ተቀምጣ ልትመለስ ነው። ሐይቅ ለታረቀ ሰው ይሁን። ስትፈልግ ተነሥታ የምትሄድበት፣ ለሰፈሯ የቀረበ ጀበና ቡና የሚፈላበት ቤት ይበቃል። ዋናውን ጉዳይ በአቦል ጨርስ፤ ልመናውን እስከ በረካ አታድርሰው።

«ተለውጫለሁ» አትበል፤ ሁሉም ይለዋል። የተጣላችሁት ሳትነግራት ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥተህ ከሆነ ፓስፖርቱን ጥቀስ። ለምን እንደደበቅህ፣ አሁንም ትሄድ እንደሆነ ቁርጡን ንገራት። ከዚያ እሷ ትናገር፤ አታቋርጣት።

ስጦታ አትላክ። አንዱ ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ። «ልኬቷ ደብተርዎ ላይ አለ አይደል? ሰፍተው ይስጡኝ፣ ድንገት ላስደስታት» አለኝ። ልኬቷማ አለ፤ የደረቷም የወገቧም። ግን እኔን አምና የተለካችው ለራሷ ቀሚስ ነው። ጨርቁን አጥፌ መለስሁለት፤ አኩርፎ ወጣ። ያኩርፍ። ቀሚስ ተቀብላ እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ሽማግሌም አባጋርም አትላክ። ባልና ሚስት በማስታረቅ ወሎን የሚያህል የለም፤ ሳትጋቡ ለተለያያችሁት ግን ትልልቅ ሰዎችን እናቷ ቤት ማስቀመጥ ጉዳዩን ከእጇ መንጠቅ ነው። መስተፋቅር አደርግልሃለሁ የሚልህ ደግሞ የወደደው ገንዘብህን ነው።

እምቢ ካለች እምቢ ነው። እሷ ዘንድ የቀረ ጃኬትህን ሰበብ አድርገህ አትመላለስ። አንተ ዘንድ የቀረ ልብሷን አጥበህ፣ አጣጥፈህ በጓደኛዋ እጅ ላክላት፤ ውስጡ ወረቀት አትጨምር።