የልጆች ዲጂታል ተረክ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ ለመጀመሪያ ደረጃ መምህራን

ይህ ጽሑፍ በጎንደር ልጆች የራሳቸውን ታሪክ በድምፃቸውና በሥዕላቸው ወደ አጭር ቪዲዮ እንዲለውጡ ለሚያሠሩ መምህራን ነው። ዲጂታል ተረክ የሚባለው ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የተስፋፋ ነው። አንዱ ተረክ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚተርከውም ባለታሪኩ ራሱ ነው። ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ሥራው ሲበላሽ ሁሉም ስልኩን ይከስሳል፤ እኔ ግን በቅድሚያ ደብተሩን አሳዩኝ እላለሁ።

የሁሉም ቡድን ተረክ አንድ ዓይነት ሆነ

ሁሉም «ፋሲል ግቢ በጎንደር ከተማ የሚገኝ ታሪካዊ ቅርስ ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዐፄ ፋሲል ይመጣሉ፤ ከዚያ ዩኔስኮ በ1979 (እ.ኤ.አ.) መዘገበው ይባልና ያበቃል።

መንስኤው የልጆቹ ስንፍና አይደለም። «ስለ ጎንደር ሥሩ» ከተባሉ መማሪያ መጽሐፉን መልሰው ቢሰጡን ምን ይገርማል? ርዕስ እንጂ ጥያቄ አልሰጠናቸውም።

መፍትሄው ከዚያ ልጅ በቀር ማንም ሊመልሰው የማይችለውን መጠየቅ ነው። «በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ስትሄድ የማንን እጅ ትይዛለህ?» «እናትሽ ቅዳሜ ገበያ ዋጋ ስትከራከር አንቺ ምን ታያለሽ?» እንዲህ ሲባል የከተማዋ ታሪክ ይቅር ማለት አይደለም፤ በልጁ በር በኩል ይግባ ለማለት ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን የንብ መንጋ እንዳዳነው አዋቂዎች ይተርካሉ። ያንኑ ታሪክ አንዲት ተማሪ «አያቴ ስለ ንቦቹ ስትነግረኝ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ አሁንም የሚነድፏት ይመስላታል» ብላ ብትጀምረው የራሷ ይሆናል። ሥዕሉም አብሮ ይገኛል፤ ነጠላ የተከናነበች አሮጊት በእርሳስ መሣል ለአራተኛ ክፍል ልጅ አያቅትም።

ልጁ ያነባል እንጂ አይተርክም

ምልክቱ ወዲያው ይታወቃል። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ዜማ ያልቃል፤ ልጁ ትንፋሽ የሚወስደውም ሐሳቡ ባለቀበት ሳይሆን መስመሩ ባለቀበት ነው።

መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጽሑፉ ለዓይን ተጽፏል፤ «በመሆኑም» እና «ከዚህም በተጨማሪ» የሚል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጨዋታ ላይ አታገኙም። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚያወራው ለወረቀት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ተቀበሉትና ጓደኛውን ፊት ለፊቱ አስቀምጡለት። «ተረት ተረት» ይበል፤ ክፍሉ «የላም በረት» ብሎ ይመልስለት። ልጆቻችን ይህን ሥርዓት ከቤት ይዘውት የመጡ በመሆናቸው ሰውነታቸው ወዲያው ይፈታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካወራው በኋላ ቅጂው ይጀመር፤ ጓደኛው ራሱን እየነቀነቀ ይስማ እንጂ አይናገር። ልጁ ሲሳሳት «እንደገና ከመጀመሪያው» አትበሉት። ትንሽ ዝም ብሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይድገመው። ድምፅና ምስሉን በምታስተካክሉበት መተግበሪያ ላይ ዝምታው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ስለሚታይ የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል ቀላል ነው።

በዚህ ላይ አንድ ደንብ አጥብቄ እይዛለሁ፦ ድምፅ ይቅደም፣ ምስል ይከተል። ምስል አስቀድመው የደረደሩ ልጆች «ይህ ቤታችን ነው፤ ይህ ውሻችን ነው» ከማለት አያልፉም።

ድምፁ ያስተጋባል፣ ወይም እየፈነዳ ይሰማል

ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ፤ በጣሪያው ላይ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ ቅጂውን ማቆም ብቻ ነው ያለው አማራጭ። መጽሐፍ በሞላበት ክፍል ጥግ ቅዱ፤ ከልጁ ጀርባ ጋቢ መስቀልም ይረዳል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ፈረቃ የሚለዋወጥበትን ሰዓት ተጠንቀቁ። ድምፁ የሚፈነዳው ስልኩ አፍ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ «ፓፓያ» ወይም «ጴጥሮስ» ሲባል ትንፋሹ ማይክራፎኑን ይመታዋል። ስልኩን አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ያዙት። በቅጂው መሐል ጥሪ እንዳይገባም የአውሮፕላን ሁነታውን አብሩ።

አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይመለከታል

ስልኩን የያዘው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ልጅ ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ «ጽፈሽ አምጪ» ይባላሉ። ተራውን ለልጆቹ አትተዉት፤ ቀጂ፣ ሠዓሊ፣ ተራኪና አድማጭ ብላችሁ መድቡና በየክፍለ ጊዜው አቀያይሩ። ነጥብም ለተረኩ እንጂ ለጌጡ አትስጡ። የሚሽከረከርና የሚያብረቀርቅ ምስል ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክሩ ይውላሉ።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ወይም የላቲን ፊደል ሆነ

ሳጥን ከታየ መሣሪያው ወይም መተግበሪያው የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የለውም። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ (ፊደሉ በየመሣሪያው አንድ ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርግ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ ፎንት ነው። እንደገና በዩኒኮድ መተየብ ያድናል። እኔ ግን ርዕሱን ልጁ በእጁ ጽፎ ፎቶ ቢነሳ እመርጣለሁ፤ ያምራል፣ አይበላሽምም።

በሌላ ኮምፒውተር ምስሎቹ ጠፉ

ወደ ሌላው ኮምፒውተር የተወሰደው የሥራ ፋይሉ እንጂ ያለቀው ቪዲዮ አይደለም። የቡድኑን ድምፅና ምስል ሁሉ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ሲያልቅም በኤምፒፎር (በተለመደው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) አውጡት። ማውጣቱ መሐል ላይ ከቆመ የስልኩ ማከማቻ ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ቦታ አስለቅቁ። ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ ጥራቱ እንዳይወርድ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ።

በማሳያው ቀን መብራት ጠፋ

ቪዲዮው ቀድሞ ስልክ ላይ ይጫን፤ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያም ይዘጋጅ። እሱም ካልተገኘ ልጆቹ ሥዕላቸውን ይዘው በቃላቸው ይተርኩ፤ ድምፅን ካስቀደሙ ተረኩን ያውቁታል።

ወላጅ ተቆጣ

ወላጆቹ ሳያውቁ የልጁ ፊት ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሳይጀመር ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ ለወላጅ ተናግራችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ። እጅ፣ ሥዕልና ድምፅ ለተረክ ስለሚበቁ ፊት ማሳየት ግዴታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ለማንሳትም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ጥንታዊ ሥዕል ላይ ብልጭታ አታብሩ። ቤተሰቡ ቪዲዮውን እንዲያገኝ ከተፈለገ እናት ወይም አባት ትምህርት ቤት ሲመጡ በስልካቸው ላይ መጫን ይቻላል።