ካርቦኑ ተበትኗል፣ ቁጥሩ ግን አልወረደም

የወንዝ ወይም የወደብ ደለል በፒሲቢ (በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ ይገባ የነበረ መርዛማ ኬሚካል) ወይም በዲዲቲ (የተባይ ማጥፊያ) ሲበከል አንዱ መፍትሄ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ሌላው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ከሰል፣ በትኖ መርዙን እዚያው ማሰር ነው። ሁለተኛው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ግራ ያጋባል።

ምልክት፦ ከዓመት በኋላ ናሙና ተወሰደ፣ የፒሲቢው መጠን ያው ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ልፋታችንን ውሃ በላው» የሚለው። ቆይ፣ አትቸኩል። ካርቦን መርዙን አያጠፋም፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይይዘዋል እንጂ። ላብራቶሪው ደግሞ ደለሉን በኃይለኛ ኬሚካል አጥቦ ካርቦኑ የያዘውንም ጭምር ይቆጥራል። ታዲያ ጠቅላላው መጠን እንዴት ይውረድ?

መለካት ያለበት በደለሉ ቅንጣቶች መሀል ያለው ውሃ ነው። ስስ የፖሊኤቲሊን ላስቲክ ደለሉ ውስጥ ይሰካል፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ ላስቲኩ የሳበው ኬሚካል ይለካል። ከብተናው በፊትም ይህ መደረግ አለበት፤ አለዚያ ከምን ጋር ታወዳድራለህ? በደለሉ ውስጥ የኖሩ ትሎች ሰውነት ውስጥ ያለውን መጠን መለካትም ጥሩ ምስክር ነው።

ምልክት፦ የውስጡ ውሃም አልተሻለውም።

አንድም ካርቦኑ አንሷል፣ አንድም አልተዳረሰም። የተለመደው ልክ ከደረቁ ደለል ክብደት ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። አንድ ካሬ ሜትር፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንውሰድ። ደረቁ ደለል 70 ኪሎ ቢሆን፣ 3 በመቶው 2.1 ኪሎ ነው። ከተለያየ ቦታ ናሙና አውጥተህ ጥቁሩ የት የት እንደደረሰ እይ። ካርቦኑ ጠጠር ከሆነ ግን ታገስ፤ ከዱቄቱ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚስበው።

ምልክት፦ ካርቦኑ ተንሳፍፎ ሄደ።

ቀዳዳዎቹ በአየር ተሞልተው ነው። ደረቅ ካርቦን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምርና እየው፤ አረፋ እየተፋ ላይ ላዩን ይዋኛል። ቀድመህ ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ ወይም ከሸክላ አፈርና ከአሸዋ ጋር ተጋግሮ የተድቦለቦለውን ተጠቀም።

ምልክት፦ የደለሉ ትሎች አነሱ።

ዱቄቱ ሲደቅና ሲበዛ ይጎዳቸዋል። ኖርዌይ ውስጥ ግሬንላንድ በሚባል አካባቢ ባሉ ፊዮርዶች (ጠባብ የባሕር ወሽመጦች) እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ሙከራ ይኸው ታይቷል፤ መርዙ ተያዘ፣ የባሕር ወለሉ ነዋሪዎች ግን ተመናመኑ። ልኩን ቀንስ፣ ወይም ጠጠሩን ምረጥ። እኔ ብሆን መጀመሪያ በትንሽ ቦታ እሞክረው ነበር።

ምልክት፦ ተሽሎት የነበረው ተመልሶ ባሰበት።

የላይኛውን 2 ሳንቲ ሜትር ለብቻ አስመርምር። አዲስ የተበከለ ደለል ካርቦኑ ላይ እየተከመረ ከሆነ ችግሩ ያለው ከላይ፣ ፍሳሹ ከሚለቀቅበት ቦታ ነው። ቱቦው ሳይዘጋ ሌላ ጆንያ ካርቦን አትክፈት።