የድሮ የእንጨት መጫወቻ ስዕልን አተኩሮ ማየት እንዴት ይቻላል?

የምኖረው ሱሉልታ ነው። በቀደም አራት ጎማ ያለው የእንጨት ፈረስ ስዕል በባለቀለም ፕሪንት አድርጌ ለሰፈራችን አናጢ አሳየኋቸው። እኔ «ደስ የሚል ፈረስ» ብዬ ነበር ያለፍኩት። እሳቸው ግን ጎማውን በጣታቸው እየነኩ፣ «ይሄ ከግንድ በአግድም ተቆርጦ ነው። ለዚህ ነው የተሰነጠቀው» አሉኝ። ስዕል ማየትን የተማርኩት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ በደንብ የተሳለ ስዕል ፈልጉ። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ የድሮ ዕቃዎችን የሚያሳዩ ከ18,000 በላይ የውሃ ቀለም ስዕሎች አሉት። ከ1935 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ሥራ ያጡ ሠዓሊዎችን መንግሥት ቀጥሮ ያሳላቸው ናቸው። መጫወቻም አለበት። ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል፤ ትልቁን መጠን አውርዱ።

ስሙንና ማብራሪያውን በወረቀት ሸፍኑ። ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «ያረጀ ነው» ግምት ነው። «ጆሮው ላይ ቀለም የለም» ግን ያያችሁት ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ጥላው የወደቀበትን ተቃራኒ አቅጣጫ እዩ። በውሃ ቀለም ስዕል ላይ በጣም የሚያበራው ቦታ ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ሳይቀባ የተወው ነጭ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጎማው ላይ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ካለፉ ከጣውላ የተቆረጠ ነው። ክብ ክብ ከሆኑ ከግንድ የተቆረጠ ነው። እንጨት ሲደርቅ በብዛት የሚኮማተረው ክቦቹን ተከትሎ ስለሆነ፣ የግንድ ቁራጭ ከዳር ወደ መሃል ይሰነጠቃል። ግቢያችሁ ውስጥ የባህር ዛፍ ጉማጅ ካለ ጫፉን እዩት፤ ያንኑ ስንጥቅ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ቀለሙ የት እንደለቀቀ ተከታተሉ። ተመትቶ የተላጠ ቀለም ጠርዙ ስለታም ነው። እጅ ሲደባብሰው የኖረ ግን ቀስ እያለ ይሳሳል፤ እንጨቱም ይለሰልሳል። የእኔ ፈረስ አንገቱ ላይ እንዲህ ነው። የልጅ እጅ የሚይዘው እዚያ ጋ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳይ ሆዴ ባባ። የዛገ ሚስማርና መልኩ ከሌሎቹ የተለየ እግር ካያችሁ ደግሞ አንድ ሰው ጠግኖታል።

በመጨረሻ እርሳስ ያዙና ራሳችሁ ሳሉት። ማማር የለበትም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። እጅ ሲሥል ዓይን የዘለለውን ያገኛል። ፈረሱ ደረት ላይ የገመድ ቀዳዳ እንዳለ ያስተዋልኩት ስሥለው ነው። የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ ተበልቷል። ጎታቹ ልጅ ከፈረሱ ይረዝማል፤ ገመዱም ወደ ላይ ይስበው ነበር።