አዲስ ማዘርቦርድ ላይ የዊንዶውስ ዲስክ አከፋፈል፦ ከመጫንዎ በፊት የሚወሰነው ነገር

«ሲ ፎርማት ይደረግ፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚለው የቆየ ልማድ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም ፋይል ያስበላል። አሮጌው ዲስክ ብዙ ጊዜ የተከፋፈለው በኤምቢአር (በቆየው የዲስክ አከፋፈል ሰንጠረዥ) ነው። አዲሱ ቦርድ የሚነሳው ደግሞ በዩኢኤፍአይ (የቆየውን ባዮስ በተካው የማስነሻ ስርዓት) ነው፤ በዚህ መንገድ የተነሳ የዊንዶውስ መጫኛ ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የአከፋፈል ሰንጠረዥ) ካልሆነ «እዚህ ላይ አልጫንም» ብሎ ይቆማል። ወደ ጂፒቲ ለመቀየር የተለመደው መንገድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ስለሆነ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ዲ ላይ ያለውን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ከገለበጡ በኋላም ጥቂት ፎቶና ሰነድ ከፍተው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ይግቡ፤ አብዛኛው ቦርድ ላይ ሲበራ ዴሊት ወይም ኤፍ2 መጫን ነው። ሲኤስኤም የሚል ምርጫ (በቆየው የባዮስ መንገድ እንዲነሳ የሚያደርገው) ካለ ያጥፉት። አንዳንዱ ያንን የስህተት መልእክት ለማለፍ ሲል ሲኤስኤምን ያበራና ኤምቢአሩ ላይ ይጭናል። አይመከርም፦ ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል፣ ኤምቢአር ደግሞ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምበትም። መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላሳየዎት ነገሩ ሌላ ነው፤ ኢንቴል ቦርድ ላይ ቪኤምዲ የሚባለው የዲስክ መቆጣጠሪያ በርቶ ሊሆን ይችላል። ያጥፉት፣ ወይም ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ ይዘው በመጫኛው «ሎድ ድራይቨር» በኩል ያስገቡ።

መጫኛው የሚዘጋጅበት ፍላሽ 8 ጊጋባይት ይበቃዋል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ሲያዘጋጁ ፓርቲሽን ስኪሙን ጂፒቲ፣ ታርጌት ሲስተሙን ዩኢኤፍአይ ያድርጉ። ቡት ሜኑው ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ካዩ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ያለበትን ይምረጡ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር፦ ከአንድ በላይ ዲስክ ካለ፣ ዊንዶውስ የሚጫንበትን ብቻ ትተው የሌሎቹን ገመድ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ይንቀሉ። መጫኛው ሌላ ዲስክ ላይ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ለማስነሻ የሚመደብ የዲስክ ክፍል) ካገኘ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል። ዊንዶውሱ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ፣ ማስነሻው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ያ ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ወይም የተነቀለ ቀን ኤስኤስዲው ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ አይነሳም።

መጫኛው ተከፍቶ ገና ቋንቋ ሲጠይቅ ሺፍትና ኤፍ10 ይጫኑ፤ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይመጣል። «ዲስክፓርት»፣ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ» ብለው ይጻፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል)። ቁጥሩን አይመኑ፣ መጠኑን ይዩ፤ 512 ጊጋ የተባለው ኤስኤስዲ እዚህ 476 ሆኖ ይታያል፣ ፍላሹም ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ትክክለኛውን «ሴሌክት ዲስክ 0» ብለው መርጠው (ቁጥሩ የእርስዎ ነው)፣ «ክሊን»፣ ከዚያ «ኮንቨርት ጂፒቲ» ይበሉ። ክሊን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ «ክሬት ፓርቲሽን ኢኤፍአይ ሳይዝ=500»፣ ቀጥሎ «ፎርማት ኩዊክ ኤፍኤስ=ፋት32»። መጫኛው ለብቻው ቢተው የሚሰጠው 100 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለዊንዶውስ ብቻ ይበቃል፣ በኋላ ሊኑክስ ሲጨመር ግን ይጠባል። እሱን ማስፋት ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ሌሎቹ ፓርቲሽኖች ወዲያው ከኋላው ስለሚደረደሩ። የቀረውን ቦታ ባዶ ይተዉት፣ መስኮቱን ዘግተው ወደ መጫኛው ይመለሱና ያንን ያልተመደበ ቦታ መርጠው ይቀጥሉ። 16 ሜጋባይቷን ኤምኤስአር (ዊንዶውስ ለራሱ የሚይዛትን ክፍል)፣ ሲን እና መጨረሻ ላይ ሪከቨሪውን (የመጠገኛውን ክፍል) ራሱ ይሰራል። ሪከቨሪውን «ቦታ ይዞብኛል» ብለው አያጥፉት፤ በጥር 2024 የወጣ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ እዚያ 250 ሜጋባይት ነጻ ቦታ በማጣቱ ብቻ ብዙ ኮምፒውተር ላይ አልጫን ብሎ ነበር። ዲ ከፈለጉ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ከዲስክ ማኔጅመንት ሲን ቀንሰው ይፍጠሩ።

ዲስኩን ማጽዳት ለማይችል ሰው ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሳሪያ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል። መጀመሪያ በ«ቫሊዴት» ይፈትኑት። ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያሉ ሲከፋፍሉ ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን (ሌሎች ክፍሎችን በውስጡ የሚይዝ) ከተፈጠረ አይቀበልም፤ ዋናዎቹ (ፕራይመሪ) ፓርቲሽኖችም ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) በርቶ ከሆነ አስቀድመው ያቁሙት። ባክአፑ እዚህም ግድ ነው፤ በመሀል መብራት ከሄደ ሰንጠረዡ በግማሽ ሊቀር ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩ። ቀይረው ሲጨርሱ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ ካላዞሩት ዊንዶውሱ አይነሳም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ «ኤምኤስኢንፎ32»ን ከፍተው «ባዮስ ሞድ» የሚለው ፊት ለፊት ዩኢኤፍአይ መጻፉን ይዩ። ከዚያ የነቀሏቸውን ዲስኮች ይመልሱ። መልሰው ሲያበሩ አልነሳ ካለ ባዮስ ገብተው ከቡት ቅደም ተከተሉ አናት ላይ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን ያስቀምጡ።