ርካሽ ሪል ስትገዙ እንዳትሸወዱ

ጅማ ባሕር የላትም፣ የጅማ ልጅ ግን ጅቡቲም ጅዳም ዱባይም አለ። እዚያ ያሉት በእረፍት ቀናቸው ባሕር ዳርቻ ወርደው መንጠቆ ይጥላሉ። እዚህ ያለነው ደግሞ አሰንዳቦ ሄደን ከግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ቆሮሶና ቢልጫ የሚባሉትን ዓሦች እንጠብቃለን። ሪሉ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ተገጥሞ የመንጠቆውን ክር የሚጠመጥመው ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ስለሆነ አንዴ ጅማ ከገባ መመለስ የለም። ብሩም በቀላሉ አልተገኘም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ብዙ ሰው የሚሠራቸውን ስህተቶች እወቋቸው።

ከሁሉ የሚበዛው ኩሽኔታ ቆጥሮ መግዛት ነው። ሳጥኑ ላይ 12+1 ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፣ ሻጩም መጀመሪያ የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ያቺ የመጨረሻዋ 1 አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የምትይዘው ናት። የቀሩት 12ቱ ምን ዓይነት እንደሆኑ ግን ማንም አይነግራችሁም። በዚያ ዋጋ 12 ደህና ኩሽኔታ አይገባም። መናኛው ደግሞ ጨው ሲነካው ይዝጋል፣ ከዛገ በኋላ እጀታውን ባዞራችሁ ቁጥር እንደ አሮጌ ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። እኔ 4 ወይም 5 ጥሩ ኩሽኔታ ያለውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው መጠን ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝን እርሳስ 4 ሜትር ገደማ በሚሆን ዘንግ ስለሚወረወር የመጠን ቁጥሩ ከ5000 እስከ 8000 የሆነ ሪል ልክ ይሆናል። ይህንኑ ጊቤ ይዞ መሄድ ግን ክንድን በከንቱ ማድከም ነው፣ እዚያ 2500 ወይም 3000 በ2.70 ሜትር ዘንግ ላይ ይበቃል። ደግሞ ልብ በሉ፣ የአንዱ ፋብሪካ 4000 የሌላው 4000 አይደለም፤ ሺማኖም ዳይዋም ፔንም ቁጥሩን የሚሰጡት በየራሳቸው ልክ ነው። ይልቅ ክሩ የሚጠመጠምበት ስፑል ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 0.35/240 ካለ፣ ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 240 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ለባሕር ከ200 ሜትር በላይ ይኑረው፣ ለግድቡ 0.28ን 150 ሜትር ከያዘ ምንም አይጎድልባችሁም። ለዘመድም «አሪፍ ሪል ላክልኝ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ይህንን ቁጥር ጻፉለት፣ ከመክፈሉ በፊትም የስፑሉን ፎቶ ይላክላችሁ።

ሦስተኛው የፍሬን ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍሬን ስል ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ማለቴ ነው። ርካሽ ሪል ላይ «20 ኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ ሰው ደስ ይለዋል። ግን አስቡት፣ ፍሬን የሚጠብቀው ክሩ ከሚችለው ክብደት እስከ ሩብ ወይም ሲሶ ነው፤ ክራችሁ 8 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ 2 ኪሎ ተኩል ላይ ሥራውን ይጨርሳል። ዋናው ልስላሴው ነው። ሱቅ ውስጥ ፍሬኑን መካከለኛ አድርጋችሁ አጥብቁና ስፑሉን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ሳይዝ ሳይለቅ፣ በአንድ ዓይነት ክብደት ከዞረ ጥሩ ነው። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ካለ ግን አስቀምጡት፣ ትልቅ ዓሣ ሲይዝላችሁ ክሩ የሚበጠሰው እዚያች «ያዝ» የምትለዋ ላይ ነው። ከዚያ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፣ ወደ ኋላም ለማዞር ሞክሩ። የሚላላ ወይም ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ አዲስ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ስፑሉ ራሱ እየዞረ ክር የሚለቀውን፣ ዘንጉ ላይ ከላይ የሚቀመጠውን ሪል በመጀመሪያ ግዢ አትንኩት። ሩቅ የሚወረውሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ እውነት ነው፣ ግን ስፑሉን በአውራ ጣት መቆጣጠር ካልለመዳችሁ ክሩ ይተበተባል። ውርወራ መለማመድ ለምትፈልጉ ሰው የሌለበት ሜዳ ይበቃል። ጅማ አጠገብ ባለው በቦዬ ረግረግ ዳር ግን ሲመሽ አትቁሙ፣ ጉማሬ አለ።

ሌላው ስህተት ብሩን በሙሉ ሪሉ ላይ ማፍሰስና ክሩን ከተገኘው መግዛት ነው። ከጥቅል ጋር በነፃ የሚመጣ ክር ብዙ ጊዜ የቆየና እየተጠቀለለ የሚያስቸግር ነው፣ ቀይሩት። ስፑሉን ስትሞሉ ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጉድሉ፤ ከዚያ ከጎደለ ውርወራው ያጥራል፣ ከሞላ ደግሞ ክሩ በቡድን ይወርዳል። ባሕር ላይ 150 ግራም እርሳስ የምትወረውሩ ከሆነ ፊቱ ላይ ቢያንስ 25 ኪሎ የሚችል ወፍራም ክር መቀጠል ግዴታ ነው። ቀጭኑ በውርወራ መሃል ቢበጠስ እርሳሱ የሰው ጭንቅላት ሊፈነክት ይችላል።

አሸዋ ላይ ሪል አታስቀምጡ። የጊቤ ዳር ጭቃም ያው ነው፣ ሲደርቅ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ሪሉ ውስጥ ባሉት ጥርሶች መሃል ይገባል። ከባሕር ስትመለሱ መጀመሪያ ፍሬኑን አጥብቁ፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡት እንጂ ባልዲ ውስጥ አትንከሩት። ሲደርቅ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡ።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ የላዩን ቀለም አትመኑ። ፊት ለፊት ያለውን የፍሬን ቁልፍ ፈታችሁ ስፑሉን አውጡና ሥሩን ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ያ ሪል ጨው ጠጥቷል፣ ውስጡም ከዚህ አይሻልም፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ተዉት።